አባባ የለመኑት እንቅልፍ

ይህን ምስክርነት መስጠት የነበረባቸው አያቴ ራሳቸው ናቸው። ግን አባባ ሰው ፊት ቆመው ስለራሳቸው ማውራት ሞታቸው ነበር። አሁን ዘጠናን ተሻግረው ወደ ጌታቸው ሄደዋል። እንግዲህ እኔ ልናገርላቸው።

አባባ ጉራጌ አገር፣ እምድብር አካባቢ የእንሰትና የቡና ገበሬ ነበሩ። ካቶሊክነታቸውን ከእናታቸው ነው የወረሱት። በጎረምሳነታቸው አዲስ አበባ ገብተው ክቡር ዘበኛ ሆኑ፤ ከዚያ ለኮሪያ ጦርነት ለሚዘምተው ለቃኘው ሻለቃ ተመረጡ። በ1943 ዓ.ም. በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ኮሪያ። ኢትዮጵያ በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ልጆቿን ቀብራለች። አባባ ግን ስለ ጀብዱ ሲጠየቁ «ቃኘው አንድም ሰው አላስማረከም» ይሉና ወሬውን ወደ ብርዱ ያዞሩታል። ስለ ብርዱ እስኪበቃህ ያወሩልሃል።

ምሽግ ውስጥ ሆነው «እመቤቴ፣ አገሬ አፈር ላይ መልሺኝ» ብለው ነበር። ይቺ ቶሎ ተሰማች። አንድ ጭረት ሳይነካቸው ተመለሱ። የቆየችው ሁለተኛዋ ልመና ናት።

ትዳር ይዘው፣ ልጅ ወልደውም እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ክረምት ደግሞ ይብሳል። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ከመኝታቸው ተፈናጥረው ይነሱና በር ከፍተው እንሰቱ መሃል ይገባሉ። እማማ ጋቢ ይዘው ይከተላሉ። ዝናቡ እየወረደባቸው፣ መሬቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠው ያገኟቸዋል። ጎረቤት «ቦዠ ተቆጥቷቸው ነው» አለ፤ በእኛ አገር የመብረቅ ነገር የሚሰጠው ለቦዠ ነበር። መስዋዕት ያቅርቡ ያለም አልጠፋ። አባባ ግን «የያዘኝን እኔ አውቀዋለሁ» ብለው ቄሱ ዘንድ ለንስሐ ሄዱ።

የተናዘዙት በእሳቸውና በእግዚአብሔር መካከል ነው። ቀኖናቸውን ግን ለእማማ ነግረዋቸዋል። በየቀኑ ከሚደግሙት መቁጠሪያ አንዷን ምስጢር፣ ማለትም አንድ አባታችን ሆይና አሥር ሰላም ላንቺ ማርያም፣ በእጃቸው ለሞቱት እንዲያደርሱ ነበር። የሟቾቹን ስም አያውቁም። ክርስቲያን ይሁኑ አይሁኑም አያውቁም። ቄሱ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሯቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

እኔ ይህችን ምስጢር በደንብ አስታውሳታለሁ። ሌላውን እየኮተኮቱም፣ ከብት እየነዱም ይደግሙታል። መቁጠሪያው ኪሳቸው ከሌለ በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ። እዚህችኛዋ ላይ ሲደርሱ ግን ዶማውን መሬት ያስቀምጣሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። «ለማን ነው አባባ?» ብላቸው «እናት ጠብቃቸው ለቀሩ ልጆች» አሉኝ።

ሰው ሲመሰክር «ወዲያውኑ» ሲል እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፣ አምናለሁም። የአባባ ግን ዓመታት ፈጀ። መጀመሪያ በር መክፈቱን ተዉ። ቀጥሎ መነሳቱን ተዉ፤ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያድራሉ። ከዚያ አንድ የሐምሌ ሌሊት መብረቅ የግቢያችንን ባሕር ዛፍ ለሁለት ሰነጠቀው። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ከብቱ ይተራመሳል። አባባ ያንኮራፋሉ! እማማ የሞቱ መስሏቸው ቢወዘውዟቸው «ምን ሆነሻል አንቺ ሴት፣ ልተኛበት» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እማማ በዚያ ዶፍ እልልታቸውን አቀለጡት። ሰፈሩ በውድቅት ሌሊት ሰርግ ነው ወይ ብሎ ነበር።

ደርግ ሲመጣ ኮሪያ ዘመትኩ ማለት አያዋጣም ነበርና ሜዳሊያቸውን በቃጫ ጠቅልለው ደበቁት። ዘመኑ ሲያልፍም ብዙ አላወጡትም። መኩራራት ካማራቸው የሚያወሩት ስለ እንሰታቸው ነው።

እንቅልፉ ከመጣም በኋላ ቀኖናውን አላቋረጡም። «ለእንቅልፌ ብዬ ነው እንዴ የጀመርኩት?» ይሉ ነበር። ቀንዲል ተቀብተው፣ ቆርበው ነው ያረፉት። መቁጠሪያቸው እማማ ጋ ነው። ያቺን አንዷን ምስጢር ግን የልጅ ልጆች ቀን ቀን ተከፋፍለናታል። የእኔ ተራ ረቡዕ ነው።