የተጋረዱ ተለዋዋጮችን ሳጠራ፦ ከ63 ማስጠንቀቂያ ወደ 3

ለአዘዞ ሰፈራችን ዕድር በሲ ቋንቋ የጻፍኩት የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ስለ ተጋረዱ ተለዋዋጮች ይሰጠኝ የነበረው ማስጠንቀቂያ ትናንት ማታ ከ63 ወደ 3 ወረደ። በዚህ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም እግረ መንገዴን የሠራኋቸው ሁለት ስሕተቶች ከቁጥሩ መቀነስ የበለጠ ይጠቅሟችኋል ብዬ ስለማምን በዝርዝር አቀርባቸዋለሁ።

በሲ ሕግ መሠረት አንድ ብሎክ (በቅንፍ የታጠረ የኮድ ክፍል) ከውጭ ያለውን ተለዋዋጭ ስም ደግሞ ቢያውጅ ፕሮግራሙ ትክክለኛ ነው፤ ብሎኩ እስኪዘጋ ድረስ የውስጡ የውጪውን ይጋርደዋል። ጂሲሲ (የሲ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር) በዚህ ጉዳይ የሚያስጠነቅቀው «ደብሊው-ሻዶው» የሚለውን ትእዛዝ ስንሰጠው ብቻ ነው፤ ብዙ ማስጠንቀቂያዎችን በአንድ ጊዜ የሚያበሩት «ደብሊው-ኦል»ም ሆነ «ደብሊው-ኤክስትራ» አይጨምሩትም። እኔም ሁለቱን ስለምጠቀም ኮዴ ንጹሕ እንደሆነ አምን ነበር።

አብዛኞቹ ማስጠንቀቂያዎች የፈንክሽን መቀበያዎች (ፓራሜተሮች) ከግሎባል (በፕሮግራሙ ሁሉ ከሚታዩ) ተለዋዋጮች ጋር ስም በመጋራታቸው የመጡ ነበሩ። ግሎባሎቹን በመቀነስ በሁለት ምሽት ጨረስኳቸው።

ያስቸገረኝ የወር መዋጮን ከፋይል የሚያነበው ፈንክሽን ነው። በፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ «ውጤት» የሚባል ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) በዜሮ ተነሥቷል። (ከ2020 ጀምሮ፣ ማለትም ከጂሲሲ 10 ወዲህ፣ ተለዋዋጮችን በቀጥታ በግእዝ ፊደል መሰየም ስለሚቻል ስሞቼ አማርኛ ናቸው።) መስመሮቹን እየደጋገመ በሚያነበው ሉፕ ውስጥ እያንዳንዱ መስመር ሲነበብ «ኢንት ውጤት» ብዬ እንደገና አውጄ የንባቡን ውጤት በእርሱ እይዛለሁ፤ ዜሮ ካልሆነ፣ ማለትም ንባቡ ከከሸፈ፣ ሉፑ ይቋረጣል፤ በመጨረሻም ፈንክሽኑ «ውጤት»ን ይመልሳል። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ የውስጡን ስም «የመስመር_ውጤት» ብዬ ቀየርኩት። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፤ እኔም ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የዕድሩ ጸሐፊ የወረቀት መዝገባቸውን ይዘው ቤቴ ድረስ መጡና «ልጄ፣ ይህ ድምር ከእኔ ጋር አልገጥም አለኝ» አሉኝ። በእርሳቸው መዝገብ 229 ሰዎች መቶ መቶ ብር ከፍለው 22,900 ብር ተሰብስቧል፤ የእኔ ፕሮግራም ግን 15,700 ብር ይል ነበር። ፋይሉን ስከፍተው በ158ኛው መስመር ላይ መዝጋቢው በ100 ፈንታ «፻» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ንባቡ እዚያ ላይ ከሽፎ ሉፑ ተቋርጧል፤ ነገር ግን የክሽፈቱ ምልክት የተቀመጠው በውስጠኛው ተለዋዋጭ ስለነበር ፈንክሽኑ የመለሰው ፈጽሞ ያልተነካውን የውጪውን ዜሮ፣ ማለትም «ሁሉም ደኅና ነው» የሚለውን መልስ ነው። ስሙን መቀየሬ ይህን ስሕተት አላረመውም፤ ይልቁንም የሚጠቁመኝን ብቸኛ ምልክት አጠፋው። ትክክለኛው እርማት ስሙን መልሶ «ኢንት» የሚለውን አንድ ቃል ከሉፑ ውስጥ መሰረዝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄጄ የውስጡን እወጃ በየቦታው መሰረዝ ጀመርኩ፤ ይህም ስሕተት ነበር። በ240 አባላት ላይ የሚዞረው ሉፕ እና በውስጡ በ12 ወራት ላይ የሚዞረው ሉፕ ሁለቱም «አይ» የሚባል ቆጣሪ ነበራቸው፤ የውስጡን እወጃ ስሰርዘው አንድ ቆጣሪ ለሁለት ሆነ። ወራቱ ሲያልቁ ቆጣሪው 12 ላይ ይቆማል፤ የውጪው ሉፕ አንድ ጨምሮ 13 ያደርገዋል፤ ከዚያ ወራቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ፕሮግራሙ የ14ኛውን አባል ስም ያለማቋረጥ ሲያትም አይቼ በግድ አቆምኩት። እዚህ ቦታ ላይ የሚያስፈልገው «አባል» እና «ወር» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ስሞች ነበሩ።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያዎቹን በጅምላ በአርታኢ ፈልጎ መተካትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ኮምፓይለሩ የተጋረደው ተለዋዋጭ የታወጀበትን መስመርም ያመለክታል፤ እኔ አሁን ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ከፍቼ አንድ ነገር እንዲሆኑ ነበር ወይስ ሁለት ብዬ ሳልወስን ምንም አልነካም። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንድ ምሽት ከአራት ማስጠንቀቂያ በላይ አልጨረስኩም።

«ደብሊው-ሻዶው» ጩኸት ያበዛል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በከፊል እስማማለሁ። የሊኑክስ ከርነልም ቢሆን በተለመደው ግንባታው አይጠቀምበትም። ከጂሲሲ 4.8 በፊት «ኢንዴክስ» የተባለ ተራ ተለዋዋጭ እንኳ ተመሳሳይ ስም ካለው የላይብረሪ ፈንክሽን ጋር ተጋጭቶ ያስጠነቅቅ ነበር። ነገር ግን ከጂሲሲ 7 ጀምሮ «ኮምፓቲብል-ሎካል» የሚባል ጠበብ ያለ ደረጃ አለ፤ የሚያስጠነቅቀው የሁለቱ ሎካል (በፈንክሽን ውስጥ የታወጁ) ተለዋዋጮች ዓይነት ሲጣጣም ብቻ ነው። የእኔን «ውጤት» ይህ ብቻውን ይይዘው ነበር፤ ትልቅ ኮድ ያላችሁ ከእርሱ ጀምሩ።

የቀሩት ሦስቱ ከሁለት ቁጥሮች ትልቁን ከሚመርጥ ማክሮ (ኮዱ ከመተርጎሙ በፊት በሌላ ኮድ የሚተካ ስም) የሚመጡ ናቸው፤ ማክሮው በራሱ ውስጥ ሲጠራ ጊዜያዊ ተለዋዋጮቹ እርስ በርስ ይጋረዳሉ። ማክሮውን በኢንላይን ፈንክሽን እስክተካው ድረስ ማስጠንቀቂያውን ወደ ስሕተት የሚለውጠውን ትእዛዝ በሜክፋይሉ (በፕሮግራሙ የግንባታ መመሪያ ፋይል) ውስጥ አላስገባሁም።