በሮቦት ቡጢ ከመምታት ይልቅ አለመውደቅ ያዋጣል

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የሮቦት ፍልሚያ ለማዘጋጀት የምትዶልቱ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ሮቦቱን ከመገጣጠማችሁ በፊት የዳኝነቱን ነገር ጨርሱ። ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚያ ነው።

ግንቦት 2017 ዓ.ም. በቻይናዋ ሃንግዡ የተጋጠሙት ዩኒትሪ ጂ1 የሚባሉ፣ ቁመታቸው 1.3 ሜትር፣ ክብደታቸው 35 ኪሎ ገደማ የሆኑ ሮቦቶች ነበሩ። ግጥሚያው ሦስት ዙር፣ አንዱ ዙር 2 ደቂቃ። በእጅ የተሳካ ምት 1 ነጥብ፣ በእግር ከሆነ 3። የወደቀ 5 ይቀነስበታል፤ በ8 ሰከንድ ውስጥ ካልተነሳ 10 ይቀነስበትና ዙሩ እዚያው ያበቃል።

እስቲ ደምሩት። ሦስት እርግጫ አሳርፎ ሁለት ጊዜ የወደቀ ሮቦት 9 አግኝቶ 10 ከስሯል። አንዲት ቡጢ ብቻ ነካ አድርጎ ቆሞ የጨረሰው ይበልጠዋል። እርግጫ ሲሰነዘር ሮቦቱ የሚቆመው በአንድ እግሩ ነው፤ ምቱ አየር ከመታ ገላው ተከትሎት ይሄዳል። ስለዚህ ሪሞት የያዘው ሰው ርቀቱ ሳይጠብ እርግጫ ባያዝ ይሻለዋል።

መውደቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጻፉት። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ ከእግር መርገጫው ሌላ የትኛውም አካሉ ወለል ከነካ ወድቋል፣ ቆጠራውም ከዚያች ቅጽበት ይጀምራል። ገመድ ላይ የተደገፈ አልወደቀም፣ ግን ዳኛው ያላቅቀዋል። ተያይዘው ሲወድቁ ደግሞ ሁለቱም ይቀነስባቸው። ማን ጎተተ የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም፤ የወሎው ሽማግሌ አስታራቂ አባጋርም ቢጠራ አይፈታውም።

ምትን መቁጠር ከዚህ ይከብዳል። ጓንት ላይ ያረፈ አይቆጠር፤ ጭንቅላትና ደረት ላይ ያረፈ ይቆጠር። ከአንድ ጎን የተቀመጠ ዳኛ ግማሹን አያይም፣ ስለዚህ ሦስት ዳኛ በሦስት ጎን አስቀምጡና ለእያንዳንዱ ምት ሲያይ የሚጫነው ቁልፍ ስጡት። ከ1992 እ.ኤ.አ. የባርሴሎና ኦሎምፒክ ጀምሮ ለዓመታት በቦክስ የተሠራበት ዘዴ ነው፤ ከአምስት ዳኞች ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ካልተጫኑ ነጥብ የለም። ለእናንተ ከሦስቱ ሁለቱ ይበቃሉ። የንዝረት ሴንሰር ደረቱ ላይ መለጠፍ ያጓጓል፣ ግን የራሱን እርምጃና መውደቁንም ምት ብሎ ይቆጥራል።

ወለሉ የአዳራሽ ሴራሚክ ከሆነ ያንሸራትታል። ወፍራም ስፖንጅ ደግሞ እግሩን ይውጥና ሚዛኑን ያሳጣዋል። ጠንከር ያለ ጎማ ምንጣፍ ይሻላል።

ሳይመታ ቀጥ ብሎ የቆመ ሮቦትም ያጋጥማል። በትንንሾቹ ሮቦቶች ላይ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ባትሪ ነው፦ ከወደቀበት ሲነሳ ሰርቮዎቹ (መገጣጠሚያዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ሞተሮች) ባንዴ ከፍተኛ ኃይል ይስባሉ፣ ቮልቴጁ ይወርድና መቆጣጠሪያው ጠፍቶ እንደገና ይጀምራል። ይህንንም በ8 ሰከንድ ቁጠሩት። ሪሞቱ ተቋርጦ ከሆነ ግን ዳኛው ሰዓቱን ያቁም፤ ተመልካቹ ሁሉ ሆትስፖት ከፍቶ በተቀመጠበት አዳራሽ ይህ ሊደጋገም ይችላል። ድንገተኛ ማቆሚያው ከዳኛው እጅ አይውጣ፣ 35 ኪሎ ብረት ሰው ላይ ሲወድቅ ነጥብ የሚቆጥር የለም።