አልደባራንን ከሱሉልታ ፎቶ ማንሳት፦ የሰሜን ኮከብን አትጠብቁ

በጥር ማታ ሠውር የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ቀና ብሎ ያየ ሰው ሹል ማዕዘን የሠሩ ከዋክብትና በአንዱ ክንድ ጫፍ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ኮከብ ያገኛል። ማዕዘኑን የሠሩት የሃያዲስ ክምችት ከዋክብት ናቸው፤ 150 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃሉ። ብርቱካናማዋ አልደባራን ግን የእነሱ ወገን አይደለችም። 65 የብርሃን ዓመት ግድም ላይ ሆና በዚያው አቅጣጫ የምትታይ፣ ስፋቷ የፀሐይን 44 እጥፍ የሚያህል ግዙፍ ኮከብ ናት። ቦረናዎች በከልቻ ብለው በዘመን አቆጣጠራቸው የሚከተሏት ይህችኑ ነው።

ክምችቱንና ግዙፏን ቀለማቸው ሳይጠፋ በአንድ ፎቶ ለማስቀረት ሱሉልታን የመረጥኩት የአዲስ አበባ መብራት በደቡብ በኩል ስለሚቀር ነው። አልደባራን በጥምቀት ሰሞን ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ከአናት በላይ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ትቆማለች። 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ በክሮፕ ሴንሰር (አነስ ያለ የምስል መቀበያ ባለው) ካሜራ ላይ 10 በ6.6 ዲግሪ ስለሚያይ ሁሉም ይገባሉ። የሌንሱ ክፍተት ኤፍ 2.8፣ የብርሃን ትብነቱ አይኤስኦ 800፣ የማንሻ ጊዜው 60 ሰከንድ፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው)። ባትሪ በውርጭ ቶሎ ስለሚደክም መለዋወጫ ኪስ ውስጥ ያዙ። የጥበቃ ሰዎች በጨለማ ትራይፖድ ሲያዩ መጠየቃቸው አይቀርም፤ የፈቃድ ደብዳቤ ቀደም ብላችሁ አስጽፉ። የሚጽፈው ቢሮ የትኛው ክፍል እንደሚመለከተው ራሱ ስለማያውቅ ሰው ያመላልሳል፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከዚያ የባሰው ግን የትራከሩ አተካከል ነው፤ ትራከር ካሜራውን ከሰማዩ ጋር እኩል የሚያዞር መሣሪያ ሲሆን፣ ዘንጉ ሰማዩ ወደሚዞርበት፣ ከሰሜን ኮከብ አጠገብ ወዳለው ነጥብ ማነጣጠር አለበት። መመሪያው «የሰሜን ኮከብን በማነጣጠሪያው መሐል አስገቡ» ብሎ ያልፋል። ጸሐፊው የሚኖረው ኮከቡ ከፍ ብሎ በሚታይበት አገር መሆን አለበት። እኛ ዘንድ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍታው። ጭስ፣ አቧራ፣ ባሕር ዛፍ ወይም ጉብታ ይጋርደዋል፤ በእንጦጦ ግርጌ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ተራራው ራሱ። ብዙ ሰው ትራከሩ ተበላሽቷል ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው።

ስሌቱ ይህ ነው። በዚህ ሌንስ፣ 3.9 ማይክሮን ፒክስል ባለው ካሜራ፣ አንድ ፒክስል 6 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ያህል ይሸፍናል። የትራከሩ ዘንግ በ1 ዲግሪ ከሳተ ኮከቡ በ60 ሰከንድ 16 የቅስት ሰከንድ ይንሸራተታል፤ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ጭረት ይሆናል። ስለዚህ ስህተቱ ከዲግሪ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስልክና ኮምፓስ ለመነሻ እንጂ ለዚህ አይበቁም፤ ኮምፓስ ከእውነተኛው ሰሜን ጥቂት ዲግሪ ይስታል፣ መኪና አጠገብ ደግሞ ፈጽሞ አይታመንም።

እኔ የምመክረው የሰሜን ኮከብን ትቶ መንሸራተቱን ራሱን መለካት ነው። መጀመሪያ የዘንጉን ከፍታ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደማቋ ኮከብ ፕሮሲዮን በምሥራቅ ዝቅ ብላ ትታያለች። ካሜራውን ወደ እሷ አዙሩና በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን ላይ በቀጥታ በሚታየው ምስል) አጉልታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ወደ ደቡብ ከሸሸች ዘንጉ ዝቅ ብሏል፤ ወደ ሰሜን ከሸሸች ከፍ ብሏል። ቀጥሎ የዘንጉን የምሥራቅና ምዕራብ አቅጣጫ። ወደ 4 ሰዓት ግድም ከኦሪዮን ቀበቶ ሦስት ከዋክብት ሰሜናዊቷ ሚንታካ ከአናት አጠገብ ትደርሳለች፤ ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ ካለው የሰማይ መስመር) ላይ ናት ማለት ይቻላል። ወደ ደቡብ ከሸሸች ዘንጉ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰሜን ከሸሸች ወደ ምዕራብ ዞሯል ማለት ነው። አንዱን ማስተካከል ሌላውን ስለሚነካ ሁለቱንም ደግማችሁ ፈትሹ። ፕሮሲዮን በዚያ ሰዓት ከፍ ብላ ስለምትሆን ለድጋሚው ገና በምሥራቅ ዝቅ ያለ ሌላ ኮከብ ምረጡ። አልደባራን ያኔ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብትልም ገና ከፍ ያለች ናት።

የአንዳንድ ማውንት (ትራከሩን ትራይፖዱ ላይ የሚይዘው ክፍል) ማጠፊያ እስከ 9 ዲግሪ አይወርድም። ሻጩ «ለየትኛውም አገር ይሆናል» ቢላችሁ አትመኑ፤ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። የገዛችሁት ካልወረደ የትራይፖዱን አንድ እግር በትክክል ወደ ሰሜን አድርጋችሁ እሱን አሳጥሩት፤ ዘንጉ አብሮ ዝቅ ይላል።

ነጥቦቹ ከተስተካከሉ በኋላ የሚቀረው ቀለም ነው። በ60 ሰከንድ አልደባራን ነጭ ሆና ትቃጠላለች፤ ስለዚህ በአይኤስኦ 100 የ1 ሰከንድ ፎቶዎችም ጨምሩ፣ ከእነዚህ ጥቂቱን ትኩረቱን በመጠኑ አላልታችሁ አንሱ። ብርሃኑ ሲሰፋ ብርቱካናማው ይወጣል። መፈተኛው በክምችቱ ውስጥ ያሉት፣ ቴታ የሚባሉት ጥንድ ከዋክብት ናቸው፦ አንደኛዋ ቢጫማ ግዙፍ፣ ሁለተኛዋ ነጭ። ሁለቱም ነጭ ሆነው ከወጡ ከዚህም ያሳጠረ ፎቶ አንሱ።