«ምግብ እምቢ ይላሉ»

ጅማ፣ የረመዳን የመጨረሻ ሳምንት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጥሎ አባራ።

ዛሬ የአንዲት እናታችንን የእንክብካቤ ዕቅድ እንደ አዲስ ጻፍነው። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን አድክሞታል፤ ንግግራቸውንም ይዞታል። ወደ አረጋውያን ማረፊያችን ሲመጡ ወረቀታቸው ላይ «ምግብ እምቢ ይላሉ» የሚል ሰፍሮ ነበር። ምክንያቱ አልተጻፈም።

ከስትሮክ በኋላ ሰው አልበላም ሲል ቶሎ የሚጠረጠረው መዋጥ ነው። ጡንቻው ሲደክም ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባና የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ቀጥ አድርገን አስቀምጠን በማንኪያ ጥቂት ጥቂት ውሃ ሰጠናቸው። አላሳላቸውም፤ ድምፃቸውም አልተለወጠም። ሐኪሙም አይቷቸው መዋጥ እንደሚችሉ አረጋገጠ። ታዲያ ለምን አይበሉም?

የደረሰችበት የፅዳት ሠራተኛችን ናት። ክፍሉን ስትወለውል በኦሮምኛ ታጫውታቸዋለች። ከሁላችንም በላይ አብራቸው የምትውለው እሷ ናት። ሳህኑ በግራ እጃቸው በኩል ሲቀርብ ፊታቸውን እንደሚያዞሩ አስተውላለች። «በግራ እጅ መብላት ነውር ሆኖባቸው ይሆን?» አለችኝ። ጠየቀቻቸው። አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንባቸውም መጣ። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። ግራው ደግሞ የመታጠቢያ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በቀኝ የበሉ እናት በሰው ፊት በግራ ከሚጎርሱ መራብን መርጠዋል። እኛ ግን ሳህኑን የምናስጠጋው «በሚሠራው እጅ ይብሉ» ተብሎ በተማርነው መሠረት ነበር።

አሁን የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልለን አወፈርነው። ቀኝ እጃቸው ላይ እናስይዛቸዋለን። ረዳቷ አንጓቸውን ከሥር ትደግፋለች፤ ወደ አፋቸው የሚወስዱት ራሳቸው ናቸው። ሲደክማቸው ሴት ረዳት በቀኝ እጇ ታጎርሳቸዋለች። በልተው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይተኙም። ዛሬ ምሳ ላይ ሳህኑን ሊጨርሱት ምንም አልቀራቸውም። በጣም ደስ አለኝ።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለማታ ተረኛዋ ነው። ለነገው ረዳት ነው። የፅዳት ሠራተኛችን ፈቃድ ብትወጣ ዕውቀቷ አብሯት መውጣት የለበትም። የተረኞች ርክክብ ላይ «ሁሉም ደህና አደሩ» ተባብሎ መለያየት የተለመደ ነው። ደህና ማደር ለአንዱ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ነው፤ ለሌላው ሳይነኩት መተው ነው። ደግሞ ቅጾቻችን በእንግሊዝኛ ናቸው። አልጋ የሚያነጥፉት፣ የሚያጎርሱት፣ ዳይፐር የሚቀይሩት ረዳቶች ግን የሚያነቡት አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ጻፍነው። ራስጌያቸው ላይ የተለጠፈው የማንኪያው ነገር ብቻ ነው። የሽንታቸውና የዳይፐሩ ጉዳይ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ጠያቂ ሁሉ ማንበብ የለበትም።

የነርስነት ትምህርት ቤት እያለን የነርሲንግ ምሁሯን የቨርጂኒያ ሄንደርሰንን 14 መሠረታዊ ፍላጎቶች ሸምድደን ነበር። ዝርዝሩ መተንፈስ፣ መብላትና መጠጣት፣ መጸዳዳት ብሎ ይጀምራል። ብዙዎቹ ቅጾቻችን እዚያው አካባቢ ይቆማሉ። ወደ መጨረሻው ግን እንደ እምነት ማምለክ አለ፤ ፍሬው የሚታይ ሥራ መሥራት አለ፤ መጫወት አለ። ለፈተና ያጠናነውን እዚህ ቤት ሆኜ ነው የተረዳሁት።

መርሳት የበረታባቸው አንዲት እናት አሉን። 10 ሰዓት ገደማ ሲሆን «ልሂድ፣ ሥራ ረፈደብኝ» እያሉ በሩን ይይዛሉ። ድሮ መፍትሔው በሩን መቆለፍ ነበር። ልጃቸውን ስንጠይቃት ዕድሜያቸውን የፈጁት ቡና ሲለቅሙ እንደሆነ ነገረችን። ጅማ ተቀምጦ ቡና አይቸግር። አሁን 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሰፌድና ጥሬ ቡና ይቀርብላቸዋል። ጣታቸው ምንም አልረሳም። የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ለይተው ያወጣሉ። የምንጠጣው እሳቸው የለቀሙትን ነው፤ «ጥሩ ለቅመዋል እማማ» ሲባሉ ፊታቸው ይበራል። ዕቅዱ ላይ «ፍሬውን አፋቸው እንዳይከቱት ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ» የሚል አለ። በሩን የሚይዙበት ቀን አሁንም አይጠፋም። ያን ጊዜ ግቢውን አብሯቸው የሚዞር ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ተጽፏል።

ሰው የለም፣ ጊዜ የለም የሚሉ ባልደረቦቼ እውነታቸውን ነው። ጥቂት ሆነን ብዙ አረጋውያን እናያለን። ግን ምግብ እምቢ ያሉትን እናት «እባክዎ ይብሉ» እያልን በመለማመጥ ስንት ሰዓት አቃጠልን! እጀታውን በጨርቅ ለመጠቅለል የፈጀው ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

ሐጂ የምንላቸው አባታችን ደግሞ ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ረመዳን ሲገባ ልጹም አሉ። «አይቻልም» ብሎ መገላገል ቀላል ነበር። ሰውየው ግን ልጅ አይደሉም፤ ገላውም ጾሙም የእሳቸው ነው። ሐኪሙ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ስኳራቸው ከ70 በታች እየወረደ ያውቃል። እየጾሙ እንዲያ ቢወርድ ወዲያው መፍታት ግድ ነው፤ ከ300 በላይ ሲወጣም እንዲሁ። የሰፈሩ ኢማምም መጡ። ለማይድን ሕመምተኛ ጾሙ እንደማይገደድ፣ በየቀኑ ፈንታ አንድ ድሃ በማብላት ፊድያ እንደሚከፍል ነገሯቸው። ሐጂ «ላስብበት» አሉ። አሰቡ፣ ከልጃቸው ጋርም ተማከሩ። በመጨረሻ ፊድያውን መረጡ። ገንዘቡን ልጃቸው ትልካለች፤ ቆጥረው የሚሰጡት ግን በገዛ እጃቸው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ምሳዬን ጾመኛ በሚያየኝ ቦታ አታቅርቡልኝ።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ዕቅዳቸው ላይ ከኢንሱሊኑ መጠን ቀጥሎ ሰፍሯል። ለእኔ ክብደቱ እኩል ነው። ትርፍ ክፍል ስለሌለን ምሳቸውን በነርሶች ክፍል ይበላሉ፤ በሩ ገርበብ ይደረጋል። መግሪብ፣ ፀሐይ ጠልቃ ጾም የሚፈታበት ሰዓት፣ ሲደርስ ከጾመኞቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቴምር ይቀምሳሉ፤ የማታ መርፌያቸውና እራታቸውም ከዚያ ሰዓት ጋር ተስተካክሏል። ቴምሩ አንድ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ተረኛ ያውቃል። ሐጂም ራሳቸው ያውቃሉ።

ለኢድ አጋሮ ልጃቸው ቤት ይሄዳሉ። ማታውን ዕቅዱን ለእሷ በትልልቅ ፊደል ስገለብጥ አመሸሁ። የመርፌው ሰዓትና መጠን አለበት። ስኳር ሲወርድ የሚታየው ምልክት፣ ማላብና መንቀጥቀጥ፣ ያኔ የሚሰጠው ስኳር የበዛበት ሻይ አለበት። የተከፈተው የኢንሱሊን ብልቃጥ ከፀሐይና ከምድጃ ይራቅ እንጂ ያለ ፍሪጅም ጥቂት ቀን አይበላሽም፤ መብራት ቢጠፋ እንዳትደናገጥ ይህንንም ጨመርኩ። የኢድ ጣፋጭ ነገር ግን ገና ነው። ምን ያህል እንደሚበሉ ነገ ጠዋት ሐጂን ራሳቸውን ጠይቄ፣ ከሐኪሙ ጋር ተስማምተን እንሞላዋለን።