መስኮት ጠራጊው ሃርድዊክ ሆል ሄደ

ሥራዬ መስኮት ማጽዳት ነው። እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ከተማ ውስጥ ባልዲና መሰላል ይዤ ስዞር 11 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ በእረፍት ቀኔ «ደርቢሻየር ሄደን አንድ የድሮ ቤት እንይ» ስትለኝ ብዙም ደስ አላለኝም። ኤም 1 አውራ ጎዳና ላይ ሆነን ቤቱ ከኮረብታው አናት ብቅ ሲል ግን ዓይኔ እዚያው ቀረ። «አንተ ሰውዬ፣ መንገዱን እያየህ ንዳ!» አለችኝ።

ሃርድዊክ ሆል ነው። እንግሊዞች የሚሉት አንድ የቆየ ስንኝ አለ፤ በእኛ አፍ እንዲህ ገጠመልኝ፦ «ሃርድዊክ ሆል፣ መስታወቱ ከግንቡ ይበልጣል።» ፊቱ ስቆም ማጋነን እንዳልሆነ ገባኝ።

ያሠራችው የሃርድዊኳ ቤስ ናት። አራት ጊዜ አግብታ አራቱንም ባሎቿን የቀበረች ሴት። የመጨረሻው፣ የሽሩስበሪው አርል (አርል የመኳንንት ማዕረግ ነው)፣ በ1590 ሞተ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። የአዲሱ ቤት ሥራ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። በ1597 ስትገባበት ዕድሜዋ 70 ገደማ ነበር። መስታወት ያኔ ሀብታም ብቻ የሚደፍረው ዕቃ ነው። እሷ ግን የራሷ መስታወት መሥሪያ ነበራት! ሀብቷን ማንም እንዳይጠራጠር ደግሞ ስድስቱ ማማዎች አናት ላይ የስሟን ፊደላት በድንጋይ አስቀርጻለች። ልታይ ልታይ ማለት እንዲህ ነው።

እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። ግድግዳው ይህን ያህል ተበሳስቶ እንዴት ቆመ? የነደፈው ሮበርት ስሚትሰን ይባላል፤ ድንጋይ ጠራቢ ሆኖ የጀመረ ሰው ነው። ምድጃዎቹንና ጭስ ማውጫዎቹን በአብዛኛው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ወሰዳቸው። የውጪው ግድግዳ ያን ሸክም ሲያጣ ለመስኮት ነጻ ሆነ። እንደዚህ ቀላል ነው፤ ሲያስቡት ግን ከባድ።

ሌላው ነገር ቁመቱ ነው። ቤቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጣሪያው ከፍ ይላል። ምድር ቤት የሠራተኛው፣ መሀሉ የእመቤቲቱ፣ ላይኛው ደግሞ የክብር እንግዳ ነው። ትልልቆቹ መስኮቶች ያሉትም እዚያ ላይ ነው። ከታች ቆሜ በልቤ መሰላሌን ስለካ ወገቤን አመመኝ።

እና የውሸት መስኮት አለ! የቤቱ ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆን ሲባል፣ ከጀርባቸው ጭስ ማውጫ ያለባቸው መስኮቶች ተሠርተዋል። ከውጭ መስታወት፣ ከውስጥ ድንጋይ። ለታይታ ብቻ የቆመ መስኮት ማጽዳት ምን ይሉታል?

ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወስደው የድንጋይ ደረጃ ቶሎ አያልቅም፤ ቤቱን እያቋረጠ ይጠመዘዛል። ረጅሙ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የጌዴዎንን ታሪክ የሚያሳዩ 13 ትልልቅ የግድግዳ ምንጣፎች ተሰቅለዋል። አዎ፣ የመጽሐፈ መሳፍንቱ ጌዴዎን። ቤስ ከሌላ ባላባት ቤተሰብ ነው የገዛቻቸው፤ ከ326 ፓውንድ በላይ ከፍላለች። የቀድሞው ባለቤት አርማ ስላለባቸውና በራሷ አርማ መሸፈን ስላለባት ግን 5 ፓውንድ አስቀንሳለች። ያን ሁሉ ሀብት ይዛ ለ5 ፓውንድ መከራከሯን ወደድኩላት።

ክፍሎቹ ግን ጨለም ይላሉ። ብርሃን ጨርቁን ስለሚያደበዝዘው መጋረጃው ዝቅ ተደርጓል። ለብርሃን ተብሎ የተሠራ ቤት፣ አሁን ብርሃን እየተሰፈረለት ነው የሚገባው።

በመጋረጃው ጠርዝ በኩል አጮልቄ አየሁ። በእርሳስ ብረት የተያያዙ ትንንሽ መስታወቶች። እኛ እንደዚህ ዓይነቱን አንወደውም፤ ጫን ካሉት ይለመጣል፣ የጎማ መጥረጊያም አይሄድበትም፣ አንድ በአንድ በጨርቅ ነው። አንዷ ላይ የዝናብ ጠብታ ደርቆ ምልክት ትቷል። እጄ ሳላስበው ወደ ኪሴ ሄደ።

ባለቤቴ አየችኝ። «እረፍት ላይ ነህ» አለችኝ።