እኔ ስልኬን አልሰካሁም

ባለፈው ቅዳሜ ከቴዎድሮስ አደባባይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቸርችል ጎዳና ዳር ካለ ምግብ ቤት ከአጎቴ ጋር ምሳ በልተን ደረሰኙ ሲመጣ፣ መነጽራቸውን አጥልቀው ከላይ እስከ ታች ካነበቡት በኋላ አስተናጋጇን ጠሯት። «ልጄ፣ 15 በመቶው ቫት መሆኑን አውቃለሁ። ይኼ 10 በመቶ ግን ቻርጅ ይላል፤ እኔ ስልኬን አልሰካሁም» አሏት። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አባባ፣ የአገልግሎት ነው» ብላ ብታስረዳቸውም ያመኗት አልመሰለኝም።

አጎቴ እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ያሳሳታቸው ቃሉ ራሱ ነው። የሚገርመው ግን ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው የቃሉን ጥንተ ትርጉም ከማናችንም የተሻለ ማወቃቸው ነው። «ቻርጅ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ሥሩ በላቲን ሠረገላ ከሚባለው «ካሩስ» ይመዘዛል፤ የመጀመሪያ ፍቺውም ሠረገላ ላይ ዕቃ መጫን ነበር። «ካር» እና «ካርጎ» የዚሁ ሥር ልጆች ናቸው። ከዚህ በኋላ የቃሉን መንገድ መከተል አያስቸግርም፤ በገዢ ላይ የተጫነው ዋጋ፣ በተጠርጣሪ ላይ የተጫነው ክስ፣ በሠራተኛ ትከሻ ላይ የተጫነው ኃላፊነት ሁሉ በዚያው ስም ተጠራ። በኤምባሲዎች ዘንድ «ሻርዤ ዳፌር» የሚባለውም ቃል በቃል ጉዳይ የተጫነበት ሰው ማለት ሲሆን፣ አማርኛ ሸክሙን ትቶ ሥራውን በማየት «ጉዳይ ፈጻሚ» ብሎታል።

መድፍም በባሩድና በጥይት ይጫን ነበርና ለእርሱም የሚያገለግለው ይኸው ቃል ነው። እዚህ ላይ የእኛ አነጋገር ይበልጥብኛል፤ እኛ መሣሪያን እናጎርሰዋለን። አደባባዩ ላይ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የተቀመጠውን የሴባስቶፖልን አምሳያ ላየ ሰው ከማጉረስ የተሻለ ቃል አይመጣለትም። አፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ያወጡት ስም በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው ከተማ የተወሰደ ሲሆን፣ በዚያው ከበባ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1854 ባላክላቫ ላይ ከ600 የሚበልጡ የእንግሊዝ ፈረሰኞች በሩሲያ መድፎች ላይ ሽምጥ ጋልበዋል፤ እንግሊዝኛው ይህንንም ግልቢያ «ቻርጅ» ይለዋል። መድፉን የሚያጎርሰውም ወደ መድፉ የሚጋልበውም በአንድ ግሥ ተገልጸዋል ማለት ነው።

ወደ ስልካችን የደረሰውም ከመድፍ ሠፈር ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1749 ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ መስታወቶችን አያይዞ ደርድሮ «ባትሪ» ሲላቸው፣ ስሙን የተዋሰው በአንድነት ከተጠመዱ መድፎች ነበር፤ እንደ መድፍ የተደረደረው ነገር እንደ መድፍ ቢጫን አያስደንቅም።

እኛ ከዚህ ሁሉ አጥብቀን የያዝነው የመጨረሻውን ነው። ስልኬ ቻርጅ የለውም፣ ቻርጅ ጨረሰ፣ ቻርጀር አለሽ እንላለን፤ ሲያበቃም «ሞላ» እንላለን እንጂ «ተጫነ» አንልም፣ ለእኛ ባትሪ ዕቃ የሚጫንበት ሠረገላ ሳይሆን ውኃ የሚሞላበት እንስራ ነውና። በሌሎቹ ፍቺዎች ብዙም አልተመቸንም። በዜና «የክስ ቻርጅ ደረሳቸው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ክስ በክስ ላይ የተደረበ ይመስለኛል፤ «ክስ» ብቻውን ምን ጎደለው?

የቀረውን ደግሞ «ጫነ» ራሱ ከጥንት ጀምሮ ሲሸከመው ኖሯል። በቅሎ ይጫናል፣ ዕዳ ይጫናል፤ ዛሬ ስልክ ላይ መተግበሪያ እንጭናለን፣ ደውለን ስንጠብቅም የተቀዳው ድምፅ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» ይለናል። ሁለቱ ቃላት ሳይተዋወቁ ተመሳሳይ መንገድ መሄዳቸውን ለአጎቴ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስንወጣ እያስረዳኋቸው ሳለ፣ ለልጃቸው ሊደውሉ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡት። ዘግቷል። ጥቂት አዩትና «ከከፈልኩ አይቀር እዚያው ሰክቼው በነበር» አሉኝ።