አቅጣጫ የማይጠቁም ከተማ

ዛሬ ከቦስተን ተነስቼ ካቨንዲሽ ደርሼ መጣሁ። አሜሪካ፣ ቨርሞንት ግዛት ውስጥ ያለች፣ ሳታውቃት የምታልፋት ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ሩሲያዊው ደራሲ ሶልዠኒትሲን በ1974 (በፈረንጆቹ) ከሶቪየት ኅብረት ተባርሮ ከወጣ በኋላ፣ ከ1976 እስከ 1994 የኖረው እዚህ ነው።

ያኔ የኖቤል ተሸላሚውን ለማየት የሚመጣው ሰው ሲበዛ፣ የከተማዋ ሱቅ ማስታወቂያ ሰቀለ። መጸዳጃ ቤት የለም፤ በባዶ እግር አይገባም፤ ወደ ሶልዠኒትሲን ቤት አቅጣጫ አንጠቁምም። አለቀ! ይቺ ነገር በሳቅ ነው የገደለችኝ።

ነገሩ ግን በፍቅር አልጀመረም። ሰውየው ግቢውን በሽቦ አጠረ። አዳኞቹና በበረዶ ሞተር የሚጋልቡት ደስ አላላቸውም። በ1977 በከተማው ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እሱ ራሱ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ገመናውን ያዙለት።

እኔም ሞኙ ዛሬ አንዲት አሮጊትን ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቅኩ። ፈገግ አሉና ስለ ዘንድሮ በረዶ አወሩኝ። ሰውየው እኮ ከሞተ ቆየ፣ በ2008 ነው! እኛ አገር ቢሆን የጠየቅከው ሰው ሥራውን ትቶ ደጃፍ ድረስ ያደርስሃል።

በ1994 ሲሰናበታቸው፣ ወደ አገሬ መመለሻዬን ለመጠበቅ፣ ለመጠበቅ፣ ለመጠበቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይታየኝም ብሏቸዋል። ሦስት ጊዜ። ወንዙ ዳር መኪናዬን አቁሜ ይቺን ቃል ሳመላልስ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። "መቼ ነው የምትመጣው?"